ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የቤንዚን ግፊት አለካክ ለድሬ ሙቀትና ለደንገጎ ዳገት

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ላይ ጉልበት የሚያጣ፣ ወደ ድሬ ሲወርድ ግን ምንም እንዳልነካው የሚሄድ መኪና ጋራዥ የሚደርሰው ፍርዱን ይዞ ነው። «ፓምፑ ሞቷል፣ ቀይርልኝ አቦ» ይላል ባለቤቱ። ማን እንዳለው ብትጠይቁት ወይ ጎረቤቱ ነው ወይ ሌላ ጋራዥ። ፓምፑ ይገዛል፣ የኋላ ወንበር ይነሳል፣ አዲሱ ይገጠማል፤ መኪናው ግን ሐረር ለመውጣት ሲሞክር እዚያው መታጠፊያ ላይ ያፍናል። በመሐል ማንም አልለካማ።

መለካቱ ከባድ ሥራ አይደለም። ጌጅ (የግፊት መለኪያ)፣ ቲ ቅርጽ ያለው ማገናኛና ትዕግሥት ይበቃል። የሚያሳስተው ብዙዎቻችን የምንለካው መኪናው ደኅና በሆነበት ሰዓት መሆኑ ነው፦ ጠዋት፣ ጥላ ሥር፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ)። በዚያ ሰዓት የደከመ ፓምፕም ያማረ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል፤ ግፊቱን መኪናው በሚያስቸግርበት ሁኔታ ውስጥ ማንበብ።

አስቀድሞ አንድ ገደብ። ይህ አሠራር ኢንጀክተር ላላቸው የተለመዱ የቤንዚን መኪኖች ነው፦ ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ያሪስና መሰሎቻቸው። ኮመን ሬይል በሚባለው፣ ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት በሚረጨው ሞተር ላይ፣ አዲሶቹን ሃይሉክስና ሃይሩፍ ጨምሮ፣ ከከፍተኛው ፓምፕ ወዲያ ያለው መስመር ከ1000 ባር በላይ ይይዛል። ያንን ቧንቧ ሞተሩ እየሠራ ማላላት ቆዳ በስቶ የሚገባ ጅረት መክፈት ነው፤ በመጀመሪያ ሲያዩት ትንሽ ነጥብ የሚመስለው ቁስል እጅ ሊያስቆርጥ ይችላል። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ አዳዲስ መኪኖችም ከፍተኛ መስመራቸው ከ50 እስከ 200 ባር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ስለሆነ በዚህ ጌጅ አይነካም። እነዚህ በኮምፒውተር ይነበባሉ።

ጌጅ ሳይወጣ የሚያልቅ ሥራ

ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ውስጥ በእርግጥ ቤንዚን አለ? ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ላይ ያለው መርፌ ሩብ እያሳየ ባዶ የሆነ መኪና ያልገጠመው መካኒክ የለም። ፊውዙን አይታችሁ፣ ካንዴላው እሳት መስጠቱን አረጋግጡ። እሳት ከሌለ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ቤንዚኑን ተዉት።

ከዚያ አዳምጡ። አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር፣ ሌላው ጆሮውን ከኋላ ወንበር ሥር ያድርግ። በአዳዲሶቹ ላይ ፓምፑ ሁለት ሴኮንድ ያህል ዝዝ ብሎ ይቆማል። በቀድሞዎቹ ቶዮታዎች ላይ ግን ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ካልዞረ ፓምፑ ጨርሶ አይነሳም፤ ስለዚህ የ1990ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ኮሮላ ዝም ቢል ሞቷል ብላችሁ አትፍረዱ። በእነዚህ ላይ ኮፈኑ ሥር ዲያግኖሲስ የተጻፈበት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለ፤ ክዳኑ ውስጥ ያለውን ሥዕል አይታችሁ ፕላስ ቢ እና ኤፍ ፒ የሚሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ብታገናኙ፣ ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ሳይነሳ ፓምፑ ይሠራል። ይህች ሽቦ ኋላም ታስፈልገናለች።

ዕቃው

ጌጁ ከ0 እስከ 7 ባር የሚያነብ ይሁን። 20 ባር የሚያነብ ብትገዙ መርፌው እታች ጥግ ላይ ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ግማሽ ባር አይለይላችሁም። ርካሹ ስብስብ ብዙ ማገናኛ ይዞ በፕላስቲክ ሳጥን ይመጣል፤ አይናቅም፣ ግን ከየትም ግዙት መጀመሪያ ጎማ ቤት ውሰዱት። ከኮምፕሬሰሩ 3 ባር አየር ሰጥታችሁ ከጎማ ጌጁ ጋር አስተያዩት። የሚሰፋ ልዩነት ካለው መልሱት።

ሌላው፦ የቤንዚን ጎማ ቱቦ (የውኃ ቱቦ ቤንዚን ይበላዋል)፣ ጥሩ ፋሼታዎች (የቱቦ ማሰሪያዎች)፣ ለፊልትሮው ቡሎን አዳዲስ ሮንዴላዎች፣ ሁለት ልክ የሆኑ ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ ጨርቅ፣ የብረት ሳህን፣ መነጽር፣ ጓንት። እና የእሳት ማጥፊያ፤ የዱቄቱን ዓይነት። የነደደ ቤንዚን ላይ ውኃ መድፋት እሳቱን ማንሳፈፍ ነው፤ ማጥፊያ ባይኖር እንኳ በባልዲ አሸዋ ይቅረብ። አሸዋ ደግሞ ድሬ ላይ በነጻ ነው።

ሰውም ከዕቃው ይቆጠራል። ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ውስጥ ጫቱ ሲጀመር ሲጋራም አብሮ ይመጣል፤ የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ሩቅ የተቀመጠውን ያገኘዋል። ቅር ቢላቸውም አስነሷቸው። ባትሪ ቻርጀር፣ ብየዳ፣ የቡና ከሰል፣ ሁሉም ይራቅ። ከበር ውጭ፣ ክፍት ቦታ ላይ ሥሩ፤ ጉድጓድ ላይ አትሥሩ፣ ትነቱ እዚያ ይተኛል።

ግፊቱን ማራገፍ

መኪናው አድሮም ቢሆን መስመሩ ውስጥ ግፊት አለ። ቡሎኑን ዝም ብሎ የሚፈታ ሰው ዓይኑ ውስጥ ቤንዚን ይገባል።

የፓምፑን ፊውዝ ወይም ሪሌ (ኮረንቲውን የሚያገናኘውን ማብሪያ) ንቀሉ። ሞተሩን አስነሱና ራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ። ሞተሪኖውን አንዴ ሁለቴ ጨምራችሁ አዙሩ። የሰልባትዮውን ክዳን ከፍታችሁ ዝጉት፤ በቀትር የቆመ መኪና ሰልባትዮ ፉ ብሎ ይተነፍሳል። በመጨረሻ የባትሪውን ኔጋቲቭ አንሱ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ትንሽ ይፈስሳል፤ ለዚያ ነው ጨርቁና ሳህኑ።

ጌጁን መግጠም

አንዳንድ መኪኖች ሬይል የሚባለው፣ ኢንጀክተሮቹ የተሰኩበት ቧንቧ ላይ የጎማ ቫልቭ የመሰለ መለኪያ አፍ አላቸው። ካለ ክዳኑን ፈትታችሁ ማሰር ብቻ ነው። በእኛ ከተማ የበዙት ቶዮታዎች አብዛኞቹ የላቸውም፤ ስለዚህ መስመሩ መሐል ላይ በቲ መግባት የግድ ነው።

ኮፈን ሥር ፊልትሮ ባለው አሮጌ ኮሮላ ላይ የምትፈቱት ፊልትሮው ላይ ያለውን ባለቀዳዳ ቡሎን ነው። አንዱ ቁልፍ ፊልትሮውን ይያዝ፣ ሌላው ቡሎኑን ይፍታ፤ ሳትይዙ ከፈታችሁ ቧንቧው ይጠመዘዛል። ቡሎኑ ላይ ጨርቅ ጣሉና ሩብ ዙር ብቻ አላሉት፤ የቀረችው ግፊት ጨርቁ ውስጥ ትልቀቅ፣ ከዚያ ጨርሱት። ስትመልሱ በሁለቱም ወገን አዲስ ሮንዴላ። አሮጌው አንዴ ተጨፍልቋል፤ ዛሬ ባያንጠባጥብ ነገ ያንጠባጥባል።

እንደ ቪትዝ ባሉት ላይ መስመሩ በፕላስቲክ ፈጣን ማያያዣ ነው። መጀመሪያ ዙሪያውን አጽዱ፤ የድሬ አቧራ እዚያ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ስለሚደርቅ መያዣውን ሳታጸዱ ብትጫኑት ይሰበራል። ሁለቱን ጆሮዎች በጣት ተጫኑና ግፋ ሳብ እያደረጋችሁ አውጡ። ካቻቢቴ እንዳታስገቡ።

ቲው ከገባ፣ ፋሼታዎቹ ከጠበቁ በኋላ የጌጁ ቱቦ ከጭስ መውጫው፣ ከቺንጊያውና ከፋኑ ርቆ ይለፍ። ፊውዙን መልሱ፣ ባትሪውን እሰሩ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ጥቂት ጊዜ አብሩ አጥፉ፤ በአሮጌው ላይ ሽቦዋን አስገቡ። ከዚያ እያንዳንዱን መገናኛ በጣት ዳስሱ። ጣታችሁ ካረጠበ ሞተሩ አይነሳም፤ ትፈታላችሁ፣ እንደገና ታስራላችሁ።

ቁጥሮቹ

1 ባር 100 ኪሎ ፓስካል ወይም 14.5 ፒኤስአይ ነው። ጌጆች በሦስቱም ይጽፋሉና አትደናገሩ።

ለያሪስ፣ ለቪትዝና ለኮሮላ የሚሠራው ዋን ኤንዜድ ኤፍኢ ሞተር ከ3.04 እስከ 3.43 ባር ይፈልጋል። ግፊቱን ልኩ ላይ የሚይዘው ሬጉሌተር ሰልባትዮ ውስጥ ስለሆነ፣ የተረፈውን ቤንዚን ከሞተሩ ወደ ኋላ የሚመልስ መስመር የለውም፤ በሚኒሞም በዳገትም ቁጥሩ ያው መሆን አለበት። ይህን ያዙት፣ ለኋላ ይጠቅመናል።

መመለሻ ያላቸው እንደ ፎር ኤ ኤፍኢ ያሉት ደግሞ ሁለት ንባብ አላቸው። በሚኒሞ የሬጉሌተሩ የቫኪዩም ቱቦ (የሞተሩ አየር መምጠጥ የሚደርስበት ቀጭን ቱቦ) እንደተሰካ ከ2.1 እስከ 2.6 ባር ገደማ፤ ቱቦው ተነቅሎ ጫፉ ሲደፈን ከ2.65 እስከ 3.04 ባር። ቱቦውን ስትነቅሉ መርፌው ወዲያው ሽቅብ ካልዘለለ ሬጉሌተሩ ወይም ቱቦው ታሟል። የነቀላችሁትን ቱቦ ጫፍ አሽትቱት፤ ውስጡ ቤንዚን ካለ የሬጉሌተሩ ላስቲክ ተቀዷል፣ መኪናው ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ከሆነም ከየት እንደሚመጣ ታወቀ።

መጽሐፉን ይዞ ለሚሠራ አንድ ማስታወሻ። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ 2000 አካባቢ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ የሞተሩ ቫኪዩም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቱቦው ሲሰካና ሲነቀል ያለው ልዩነት ባሕር ጠረፍ ላይ ከተለካው በጥቂቱ ይጠብባል። ልዩነቱ 0.1 ባር ያህል ቢያንስ ሬጉሌተር አትግዙ።

በሙቀት መለካት

እስካሁን ያለው ጠዋት ይሠራል። አሁን መኪናውን ፀሐይ ላይ አውጡት።

ሞተሩን ኤሲ ከፍታችሁ ፋኑ ደጋግሞ እስኪነሳ አሙቁት፤ ሰልባትዮው ሩብ ገደማ ቢሆን ይመረጣል። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በተነከረበት ቤንዚን ነው፤ ቤንዚኑ ሲያንስና ሲግል ፓምፑም ይግላል፣ ድካሙን መደበቅም ያቅተዋል። ከዚያ ሞተሩን አጥፉና ጌጁን ሰዓት ይዛችሁ ተመልከቱ። ቶዮታ የሚጠይቀው ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላ ቢያንስ 1.47 ባር እንዲቀር ነው።

ይህች ንባብ ድሬ ላይ ከሁሉም የበለጠ ትናገራለች። ሞተሩ ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ስለሚቆም ኮፈን ሥር ያለው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ጭራሽ ይጨምራል። መስመሩ ግፊት ከያዘ ቤንዚኑ አይፈላም፤ ግፊቱ ካመለጠ ሬይሉ ውስጥ ፈልቶ ትነት ይሆናል፣ ኢንጀክተሩም ትነት ይረጫል። የድሬዋ ከዚራ ሰፈር ዳቦ ለመግዛት አሥር ደቂቃ የቆመ መኪና አልነሳም የሚለው፣ ማታ ቀዝቅዞ ግን በአንድ ዙር የሚነሳው በዚህ ነው። በአዳዲሶቹ ላይ ቁልፉን ሦስት ጊዜ አብርታችሁ አጥፍታችሁ ከዚያ ብታስነሱት ቶሎ ከተነሳ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

የት እንዳመለጠ ለመለየት ግፊቱን ከፍ አድርጉ፣ አጥፉ፣ ወዲያው ከሰልባትዮ የሚመጣውን የጎማ ቱቦ በፒንሳ ላይ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጭመቁት። ግፊቱ አሁን ከያዘ የሚያፈሰው ፓምፑ ውስጥ ያለው የማይመልስ ቫልቭ ነው፤ መመለሻ የሌለው ላይ ሰልባትዮ ውስጥ ያለው ሬጉሌተርም ሊሆን ይችላል። ካልያዘ መመለሻውን ጭመቁ፤ በዚህ ከያዘ ሬጉሌተሩ ነው። ሁለቱም ተጨምቀው ከወረደ ኢንጀክተር ያንጠባጥባል፤ ካንዴላ ፍቱ፣ ጥቁርና እርጥብ የሆነው የቱ ሲሊንደር እንደሆነ ይነግራችኋል። ጠንካራውን የፕላስቲክ ቧንቧ ግን አትጭመቁ፤ ይሰነጠቃል።

ዳገቱ ላይ

በቆመ መኪና ላይ ነዳጅ ረገጥ ማድረግ ጭነት አይደለም። ሞተሩ ቤንዚን በብዛት የሚጠጣው ሰውና ዕቃ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ነው። ስለዚህ መገናኛዎቹን የምታምኗቸው ከሆነ፣ ጌጁን በኮፈኑ ጠርዝ አሾልካችሁ ከመስታወቱ ውጭ መጥረጊያው ሥር እሰሩት። ተሳፋሪው እንዲያነብበው ፊቱ ወደ ውስጥ ይሁን። ጌጁን ግን ጋቢና ውስጥ እንዳታስገቡ፤ ቱቦው ቢፈታ ቤንዚኑ ጭናችሁ ላይ ነው። ሁለት ሰው፣ ማጥፊያው እግር ሥር፣ ሽታ ከመጣ ወዲያው ዳር ይዞ ማጥፋት። መገናኛችሁን ካላመናችሁ ይህን እለፉና ወደ መጠን መለኪያው ሂዱ።

እንዲህ ያነበብነው አንድ ቪትዝ አለ። ከድሬ ሲወጣ 3.2 ባር ላይ ሞቶ የቆመ መርፌ ነበር። ዳገቱ ከጀመረ በኋላ በሁለተኛ ማርሽ ሲረገጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ ወደ 2.6 ወረደ፣ እግሩን ሲያነሳ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቁጥሩ በጭነት መለወጥ በማይገባው ሞተር ላይ መለወጡ መልሱ ነው። ሰልባትዮው ሲከፈት የፓምፑ ወንፊት በጥቁር ጭቃ ተለብጦ ነበር። ፓምፑ ራሱ ደኅና ነው። ባለመኪናው ሠልፍ ሲሰለቸው በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን ይቀዳ ነበር፤ ያ ቤንዚን ውስጥ ምን እንደገባ ሻጩም አያውቅም።

መጠን እና ኮረንቲ

ግፊት አለ ማለት በቂ ቤንዚን አለ ማለት አይደለም። ቤታችሁ ያለው ቧንቧ ሲዘጋ ግፊት ይኖረዋል፣ ሲከፈት ግን ክር ታህል ያወርዳል፤ የታፈነ ፊልትሮም እንዲሁ ነው። መመለሻ ያለው መኪና ላይ የመመለሻውን ቱቦ ነቅላችሁ በነዳጅ ጀሪካን ውስጥ ክተቱ፣ በሽቦዋ ፓምፑን 30 ሴኮንድ አሠሩ። ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ መውጣት አለበት። መመለሻ የሌለው ላይ ከጌጁ ጋር የሚመጣውን የማራገፊያ ቱቦ ተጠቀሙ። ሞተሩ የጋለ ከሆነ ይህ አይሠራም፤ ይቀዝቅዝ።

ትንሽ ከወጣ ወዲያው ፓምፑን አትክሰሱ። ፓምፑ እየሠራ የራሱ ሶኬት ላይ ቴስተር ያዙ፤ ከባትሪው ቮልቴጅ በግማሽ ቮልት፣ ቢበዛ በአንድ ቮልት ያንስ እንጂ ከዚያ በላይ አይነስ። ባትሪው 12.5 እያለ ፓምፑ 10 ከደረሰው፣ የዛገ ማስ (የኔጋቲቭ ማሰሪያ) ወይም የተቃጠለ ሪሌ አዲሱንም ፓምፕ ያደክመዋል። ማሱን አሸዋ ወረቀት ነክቶት የተረፈ ፓምፕ ብዙ ነው። ኮረንቲው ደኅና ከሆነ ፊልትሮ፣ ቀጥሎ ወንፊት፣ በመጨረሻ ፓምፕ።

ግፊቱ ከልክ በላይ ከሆነስ? መመለሻው ተጣጥፏል ወይም ታፍኗል፣ አልያም ሬጉሌተሩ ተጣብቋል። የመመለሻውን ቱቦ ነቅላችሁ በሌላ ቱቦ ወደ ጀሪካን ስትመልሱት ግፊቱ ከወረደ ጥፋቱ ከሬጉሌተሩ ወደ ኋላ ያለው ቧንቧ ነው።

ለሐረር ፔጆዎች

ጀጎል በሮች ላይ የሚሠለፉት ፔጆ 404 ታክሲዎች የካርቡራተር ናቸው። ፓምፓቸው ሞተሩ ጎን የተለጠፈ፣ በካምሻፍት የሚገፋ ላስቲክ ነው፤ ግፊቱም ከ0.2 እስከ 0.4 ባር አይዘልም። ለዚህ 7 ባር የሚያነበው ጌጅ ዋጋ የለውም፤ 1 ባር የሚያነብ ፈልጋችሁ በፓምፑና በካርቡራተሩ መሐል በቲ አስገቡ፣ በሚኒሞ አንብቡ። መርፌው በየምቱ እያወዛወዘ ከ0.2 በታች ከዋለ ላስቲኩ ደክሟል። ከ0.4 ካለፈ ደግሞ ቤንዚኑ የካርቡራተሩን መርፌ አሸንፎ ያጥለቀልቀዋል።

ሹፌሮቹ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚጠቀልሉት በከንቱ አይደለም፤ ፓምፑ ከሞተሩ ሙቀት ስለሚጋራ ቤንዚኑ እዚያው ይተናል። ግን ጨርቁ ካስነሳው ላስቲኩ ደኅና ሊሆን ይችላልና ፓምፕ ከመቀየር በፊት ቧንቧው ከጭስ መውጫው ጋር መነካካቱን እዩ።

መመለስ

ግፊቱን እንደ መጀመሪያው አራግፉ። ሞተሩ ሙቅ ከሆነ አትቸኩሉ። ቲውን አውጡ፣ ቡሎኑን በአዲስ ሮንዴላ እሰሩ፣ ፈጣን ማያያዣው ቀጭ ሲል ስሙና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ ፈትኑት። ፊውዝ፣ ባትሪ፣ ቁልፍ ጥቂት ጊዜ አብሩ አጥፉ፣ እንደገና በጣት ዳስሱ። ጨለም ካለ በባትሪ መብራት እንጂ በክብሪት አትመልከቱ፤ ያደረገ ሰው ስላለ ነው የምጽፈው።

ሳህን ላይ የተጠራቀመውን ቤንዚን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አትድፉት፤ ንጹሕ ከሆነ አጣርታችሁ ወደ ሰልባትዮው መልሱት፣ ቆሻሻ ካለው የመኪና ዕቃ ማጠቢያ ይሁን። ያገኛችኋቸውን ቁጥሮች ደግሞ፣ ቀዝቃዛ፣ ሙቅ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላና ዳገት ላይ፣ በማርከር ኮፈኑ ውስጠኛ ፊት ላይ ከቀኑ ጋር ጻፏቸው። የሚቀጥለው መካኒክ ምናልባት እናንተው ራሳችሁ ናችሁ።